ማን ማንን ተላመደ? ለነርስ ተማሪዎች በተዘጋጁ የመድኃኒት ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከሚገኙት የነርስነት ማሠልጠኛዎች በአንዱ ለጀማሪ ተማሪዎች የተባዛ የቃላት ዝርዝር ሰሞኑን እጄ ገብቷል። አሥራ ስምንት ገጽ ነው፤ በስተግራ የእንግሊዝኛው የፋርማኮሎጂ ቃል፣ በስተቀኝ የአማርኛው አቻ ተደርድሯል። አዘጋጁ ስሙን አላኖረበትም፤ እኔም የማሠልጠኛውን ስም ለማንሣት አልሻም። ሒሱ በአንድ መምህር ልፋት ላይ ያነጣጠረ አይደለምና። ያነጣጠረው የመዝገበ ቃላት ሰዎች ጭምር ሁላችንም ስንሠራበት በኖርነው ዘዴ ላይ ነው።

ዝርዝሩ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት አያዳግትም። ተማሪዋ ፋርማኮሎጂን የምትማረውም የምትፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ስትቆም ግን ስለዚያው መድኃኒት የምትናገረው በአማርኛ፣ ያውም ማንም ባላስተማራት አማርኛ ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ የመድኃኒት ባለሙያው በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ትርጉሙ የሚፈጸመው በነርሷ አፍ ነው። የአስተርጓሚነት ስምም ደመወዝም ሳይኖራት በየቀኑ የምታስተረጉም እርሷ ናት። ስለዚህ የተሰጣት ቃል የተሳሳተ እንደሆነ ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም።

የዝርዝሩ ዋና ድካም ቃላቱ ውበት ማጣታቸው አይደለም። ድካሙ፣ እንግሊዝኛው ስም ከሆነ አማርኛውም የግድ ስም መሆን አለበት ከሚል ያልተነገረ ሕግ መነሣቱ ነው። ይህን ሕግ እኛም በስያሜ ሥራችን ስንከተለው ኖረናል። ዳሩ ግን አማርኛ ስለ መድኃኒት የሚናገረው በግስ ነው። መድኃኒቱ «ሠራልኝ»፣ «አስታገሠልኝ»፣ «ከበደኝ»፣ «አልተስማማኝም» እንላለን፤ በእያንዳንዱ ግስ ውስጥ ማን እንዳደረገና በማን ላይ እንደተደረገ ተቀርጿል። ግሱን ወደ ስም በለወጥነው ጊዜ ባለቤቱም ተሳቢውም ይወድቃሉ። ፋርማኮሎጂ ደግሞ ከሥሩ በሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ትምህርት ነው፤ አንደኛው መድኃኒቱ ሰውነትን ምን ያደርገዋል፣ ሁለተኛው ሰውነት መድኃኒቱን ምን ያደርገዋል የሚሉት ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአድራጊና የተደራጊ ልዩነት ነው። እንግዲህ ባለቤት የሌለው ቃል ለተማሪዋ የሚያስቀርባት ይህንኑ ልትማረው የመጣችውን ነገር ነው።

ለአስረጅ ያህል ከሦስተኛው ገጽ ልጥቀስ። አንድ መድኃኒት ከተዋጠ በኋላ የሚያልፍባቸው አራት ደረጃዎች «መምጠጥ»፣ «ማሰራጨት»፣ «መለወጥ»፣ «ማስወገድ» ተብለዋል። «መምጠጥ» ሲባል መድኃኒቱ መጣጭ ነው ወይስ ተመጣጭ? «መለወጥ» ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ አማርኛ ለሚናገር ሰው «መድኃኒት መለወጥ» ማለት ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አዘዘ ማለት እንጂ ጉበት ሥራውን ሠራ ማለት አይደለም። ይህንኑ በግስ ብናስቀምጠው መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም ይሰርጋል፣ ከደም ጋር ይሰራጫል፣ ጉበት ያብላላዋል፣ በኩላሊት ወይም በሐሞት በኩል ይወጣል። ከዚህ ዐረፍተ ነገር ተነሥተን «ስርገት» እና «ስርጭት» የሚሉትን ስሞች ብናወጣ ተማሪዋ ስሙ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። «መብላላት» የሚለውን በግሌ የምመርጠው በአማርኛ የሚብላላ ነገር ወደ ደግም ወደ ክፉም ሊሄድ ስለሚችል ነው፤ በጉበት ውስጥ የሚያልፈውም መድኃኒት እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ኃይሉን ያጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ኃይል የሚያገኘው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ያሳሰበኝ በዝርዝሩ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ያገኘሁት «መላመድ» ነው። በአንደኛው ቦታ መድኃኒት የማይገድለውን ጀርም ይመለከታል። በሁለተኛው ቦታ አንድን መድኃኒት አዘውትሮ በመውሰዱ የተነሣ መጠኑ ካልጨመረ የማይሠራለትን ሰውነት ይመለከታል። በሦስተኛው ደግሞ ያለ መድኃኒቱ መዋል የተሳነውን ሰው ይመለከታል። በእንግሊዝኛው ዐምድ ሦስት የተለያዩ ቃላት አሉ፤ በአማርኛው ዐምድ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ተጽፏል።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት በአንድ ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሲከታተሉ «የእርስዎ ቲቢ መድኃኒት የተላመደ ነው» ተባሉ። ማታ ልጠይቃቸው ብገባ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። «በስተርጅናዬ ሱሰኛ ሆንሽ ተባልሁ እኮ ልጄ» አሉኝ። «እማማ፣ የተላመደው ማን ነው አሉዎት?» ብላቸው «እኔ ነኛ! የምውጠው እኔ አይደለሁም እንዴ?» ብለው መለሱልኝ። ከሱስ መገላገል የሚቻለው በማቆም ነውና መድኃኒቱን ለማቆም ቆርጠው ነበር። ነርሷ ውሸት አልነገረቻቸውም፤ የተማረችውን ቃል ነው የተናገረችው። ሴትዮዋም የአማርኛውን ሰዋስው አልሳቱም፤ ባለቤቱ ደብዛዛ በሆነ ጊዜ ከሁሉ የቀረበውን ሰው፣ ራሳቸውን፣ ባለቤት አደረጉ።

ቃሉን በሰዋስው ብንመረምረው ጥፋቱ ይበልጥ ይገለጣል። «ተላመደ» ከ«ለመደ» የወጣ የተደራራጊ ግስ ነው። ድመትና ውሻ ይላመዳሉ፤ ሙሽራና አማት ይላመዳሉ። በመካከላቸው የነበረው መደነጋገጥ ይቀራል፤ አንዱ ለሌላው ለማዳ ይሆናል። መድኃኒት ያልገደለው ጀርም ግን ለማዳ አልሆነም፤ ይልቁንም አስቸጋሪነቱ የታየው አሁን ነው። ከዚያም በላይ ቃሉ የነገሩን አካሄድ ያዛባል። አንድ ጀርም መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀመሰ አይለምደውም። ከብዙ ሚሊዮን ጀርሞች መካከል በተፈጥሮ ለውጥ ምክንያት መድኃኒቱ የማይነካቸው ጥቂቶች አስቀድመው ይኖራሉ፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲፈጅ እነዚያ ብቻቸውን ይቀሩና ይባዛሉ። የሆነው መረጣ ነው እንጂ ልማድ አይደለም። ይህን ያልተረዳች ተማሪ ለምን ሁለትና ሦስት መድኃኒት በአንድነት እንደሚሰጥ አይገባትም፤ ከአንዱ ያመለጠው በሌላው እንዲያዝ ነውና።

ኮልፌ ቀራንዮ ለዚህ ነገር እንግዳ ሥፍራ አይደለም። በዘነበወርቅ ሠፈር የሚገኘው አለርት፣ ማለትም በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የዚህን ታሪክ ትልቁን ክፍል በዓይኑ አይቷል። ሠፈሩም ስሙን የወሰደው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው ከቀድሞው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ዋናው መድኃኒት ዳፕሶን ነበር፤ ሕመምተኛው ለዓመታት፣ አንዳንዱም ዕድሜውን ሙሉ፣ ብቻውን ይውጠው ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ዳፕሶን የማይገድለው የሥጋ ደዌ ባሲል መኖሩ በማሌዥያ ተረጋገጠ፤ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥም በሰፊው ታየ። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሰባሰበው የጥናት ቡድን አማካይነት ዳፕሶን ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ መከረ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ለውጥ የመጣበትን ምክንያት «ጀርሙ ተላመደ» ብለን ለተማሪዋ ብናስረዳት ታሪኩንም ሳይንሱንም አብረን እናጠፋባታለን።

«መቋቋም» ይሻላል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ አልስማማም። በአማርኛ በሽታን የሚቋቋም ጤነኛ ሰውነት ነው፤ ሕመምን የሚቋቋም ጨዋ ሰው ነው፤ «መድኃኒቱን መቋቋም አቃተው» ሲባል ደግሞ ሕመምተኛው ተዳከመ ማለት ነው። አንድ ቃል ለሰውየውም ለጠላቱም ካገለገለ ነርሷ ያው ወደ ነበረችበት ተመለሰች ማለት ነው። በበኩሌ «መድኃኒት የማይበግረው ጀርም» የሚለውን አቀርባለሁ። በዚህ አነጋገር አድራጊው መድኃኒቱ ነው፤ ያልተደረገበት ጀርሙ ነው፤ ሕመምተኛው በመካከል የሚገባበት ቀዳዳ የለም። «አይበገሬነት» የሚል ስም ማውጣት ይቻላል፤ ሆኖም «አይበገሬ» ለጀግና የሚሰጥ ሙገሳ ስለሆነ ለጀርም መስጠቱ ይከብደኛል፤ በግሱ መቅረቱን እመርጣለሁ። «መላመድ» ለሁለተኛው ፍች ይቆይ፤ በርግጥም እዚያ ሰውነት መድኃኒቱን ለምዷል። ለሦስተኛው ሕዝቡ ራሱ «ሱስ» ብሎ ጨርሶታል።

ሌላው ከባድ ቃል «የጎንዮሽ ጉዳት» ነው። ይህን የዝርዝሩ አዘጋጅ አልፈጠረውም፤ በሬዲዮም በመድኃኒት ቤትም ተለምዷል፤ የእንግሊዝኛው ግማሽ ትርጉም መሆኑም ግልጽ ነው። ግማሽ ያልሁት «ጎን» ከእንግሊዝኛው ሲተረጎም «ውጤት» የሚለው ግን በመንገድ ላይ «ጉዳት» ሆኖ ስለደረሰ ነው። የተለወጠው አንድ ቃል ነው፤ መዘዙ ግን ቀላል አይደለም።

ወደ ሥጋ ደዌ መድኃኒቶች እንመለስ። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ወደ ቀይ ብርቱካንማ ይለውጣል፤ ይህ ማንንም አይጎዳም። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፣ ያቀላል፤ መልክ ያበላሻል እንጂ ሕይወት አይነካም፤ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ቀስ እያለ ይለቃል። ዳፕሶን ግን የደም ሴሎችን ሊሰብር ይችላል፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳትና የቆዳ ሽፍታ ያስከትላል፤ ይህ ሰው የሚገድል ነገር ነው። ዝርዝሩ እነዚህን ሁሉ «የጎንዮሽ ጉዳት» ይላቸዋል። ነርሷ «ሽንትዎ ቀይ ይሆናል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፣ አይደንግጡ» ብትል ሕመምተኛው «ጉዳት ካለውማ ለምን እውጠዋለሁ?» ቢላት ምን ትመልሳለች? በተለይም የበሽታው ምልክት በቆዳ ላይ የሚታይ ሆኖ ሳለ፣ በቆዳው ምክንያት ከሰው የተገለለ ሰው ቆዳው በመድኃኒት ሲጠቁር «ጉዳት ነው» ከተባለ፣ በሽታው እንደጸናበት ቢያምን አይፈረድበትም። በተቃራኒው ደግሞ «ጉዳት» የሚለውን ቃል ለቀይ ሽንት ካዋልነው በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሽንቱ እንደ ሻይ የጠቆረበት ሰው ሲመጣ የምንለው ይጠፋናል፤ ይህ ሁለተኛው ጉበት የመታመሙ ምልክት ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ሁለቱም የሽንት መልክ መለወጥ ናቸው፤ አንዱ አይዞህ የሚባልበት፣ ሌላው የሚሮጥበት ነው።

ስለዚህ «የጎንዮሽ ውጤት» የሚለው ሰፊው ቃል ሆኖ ይቁም፤ «የመድኃኒት ጉዳት» በትክክል ለሚጎዳው ይወሰን፤ ከልክ በላይ ከመውሰድ የሚመጣው «መመረዝ» ይባል፤ «አለርጂ» እንደተለመደው ይቅር። ከነዚህ በተጨማሪ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ ያላገኘሁት፣ ሕመምተኛው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው አንድ ግስ አለ፤ «አልተስማማኝም» የሚለው ነው። ይህ ቃል ማቅለሽለሽም፣ ሽፍታም፣ ራስ ማዞርም፣ ወይም ዝም ብሎ መጥላትም ሊሆን ይችላል። ነርሷ ይህን ሰምታ «ምን አደረገዎት?» ብላ መጠየቅን መማር ይኖርባታል። በዝርዝሩ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚሄድ መንገድ እንጂ ከሕመምተኛው አማርኛ ወደ ሐኪሙ እንግሊዝኛ የሚመለስ መንገድ የለም፤ ይህ ጉድለት የእኛም መዝገበ ቃላት ጉድለት ነው።

«ግማሽ ዕድሜ» የሚለውን እንይ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ካለበት መጠን ወደ እኩሌታው የሚወርድበት ጊዜ ለማለት ነው የገባው። ነገር ግን በመድኃኒት ቤት «ዕድሜ» ማለት በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን ነው፤ ግማሽ ዕድሜው የሄደ መድኃኒት ሲባልም ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ይመስላል። «የእኩሌታ ጊዜ» ብንለው ከካርቶኑ ጋር አይጋጭም። ጽንሰ ሐሳቡን ለማስተማር ደግሞ የሥጋ ደዌ መድኃኒቶች የተመቹ ምሳሌ ናቸው። የሪፋምፒሲን የእኩሌታ ጊዜ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ የዳፕሶን ከአንድ ቀን ጥቂት ይበልጣል፤ የክሎፋዚሚን ግን ወደ 70 ቀን ይጠጋል። አምስት እኩሌታ ካለፈ በኋላ ከመድኃኒቱ የሚቀረው ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ነው። እንግዲህ ሪፋምፒሲን በአንድ ቀን ውስጥ ከሰውነት ሲወጣ ክሎፋዚሚን አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይቆያል፤ የቆዳው መልክ ቶሎ የማይመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተማሪዋ ይህን ከያዘች ቃሉን አትረሳውም።

«መጠን» የሚለው ቃል ደግሞ ብዙ ተሸክሟል። አንድ ጊዜ የሚወሰደውም፣ በቀን የሚወሰደው ድምርም፣ በአንድ እንክብል ውስጥ ያለውም፣ በፈሳሽ ውስጥ የተበረዘውም ሁሉ «መጠን» ነው። «መጠኑን ቀንሺ» የተባለች ነርስ ምን ትቀንስ? የሚገርመው የመድኃኒት ቤት ደንበኛ ይህን ከኛ ቀድሞ መፍታቱ ነው፤ «ባለ አምስት መቶ ስጠኝ» ይላል። «ባለ» የእንክብሉን ኃይል ይነግራል፤ «ልክ» የሚወሰደውን ይነግራል። ለአዋቂ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በወር አንድ ጊዜ የሚሰጠው የሪፋምፒሲን ልክ 600 ሚሊግራም ነው፤ የሚሰጠውም ባለ 300 ሁለት እንክብል ሆኖ ነው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «መጠን» አላስፈለገም።

ስለ ሰዓት አጭር ማሳሰቢያ ልጨምር፤ አዘጋጁ ምንም አላለበትምና። በሕመምተኛው ገበታ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ተብሎ የተጻፈው የእኛ የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ የእኛ የቀኑ 8 ሰዓት ደግሞ በገበታው 14 ነው። «በየ8 ሰዓቱ» የተባለ ሕመምተኛ ቀን በ8 ሰዓትና ሌሊት በ8 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ሦስት ጊዜ መሆን የነበረበት ሁለት ጊዜ ይሆናል። «ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4» ብሎ መቁጠር ነው የሚያዋጣው። «ከቁርስ በኋላ» የሚለውም በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ለማይቀምስ ሰው ትርጉም የለውም።

በዝርዝሩ ውስጥ ፈገግ ያሰኘኝም አለ፤ አንቲባዮቲክ «ፀረ ሕይወት» ተብሏል። እንግሊዝኛው በግሪክኛ ሥሩ ቢፈታ በርግጥ እንዲህ ይላል፤ ግን የትኛው ሕመምተኛ ነው ፀረ ሕይወት የሚውጠው? «ፀረ ተሕዋስያን» አለ፤ ሥሩም «መንቀሳቀስ» ከሚል ግዕዝ የመጣ ነው፤ «ተዋህስያን» እያሉ ሐውን ከቦታው ማፈናቀሉ ግን ቢቀር ደግ ነው። «መድኃኒት» ራሱ ድኅነትን በሥሩ የያዘ ቃል ሆኖ ሳለ የአይጥ መድኃኒትም ስንል እንገለገልበታለን፤ ጥንታውያን ግሪኮችም ፋርማኮን በሚለው ቃላቸው መፈወሻውንም መርዙንም ይጠሩ ነበርና በዚህ ብቻችንን አይደለንም። «ክኒን» ደግሞ ወባን ከሚያክመው ከኪኒን ስም መጥቶ የጠጣር መድኃኒት ሁሉ ስም ሆነ፤ ማንንም አላሳሳተምና አይነካ።

አዘጋጁ ጥሩ የሠራበትን ልናገር። ከግስ የወጡትን የመሣሪያ ስሞች በሙሉ ጠብቋቸዋል። «ማስታገሻ» ሕመሙን እንዲታገሥ የሚያደርግ እንጂ የሚፈውስ አለመሆኑን በስሙ ይናገራል፤ «ማደንዘዣ» የሚያደርገውን ያለ ማብራሪያ ይነግራል። እነዚህ ስም ቢሆኑም ግሱን አልጣሉትም፤ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ይዘውታል። ይህን መንገድ ይዞ ቢቀጥል ኖሮ የመርዝ መድኃኒት ወደሚለው ሲደርስ «ፀረ መርዝ» ብሎ አዲስ ቃል ባላበጀም ነበር። «ማርከሻ» የሚል ቃል አለን፤ የገባውን መርዝ፣ የተደረገውን መተት፣ የጠጣውን መጠጥ ኃይሉን የሚያሳጣ ነው። ምናልባት መምህሩ ቃሉን የተወው በመጠጥ ቤት ጠዋት ጠዋት ስለሚሰማው ይሆናል። እኔ ግን በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች አንድ ነገር የሌላውን ኃይል እንደሚያፈርስ ከማናችንም ቀድመው ስለተረዱት ቃሉ በሚቀጥለው እትም ወደ አሥራ ሰባተኛው ገጽ እንዲገባ እጠይቃለሁ።